ሳይመሽ መለካት
በጨለማ ፎቶግራፍ ለማንሣት ካሜራን በእጅ ስለ ማስተካከል በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር



መስከረም 16 ቀን ወደ ማምሻው ላይ መስቀል አደባባይ በሰው ይጥለቀለቃል። ከካዛንቺስ ቁልቁል የሚወርደው፥ ከቂርቆስ፥ ከለገሃርና ከቦሌ በኩል የሚጎርፈው ሕዝብ ነጭ ለብሶ፥ ጧፍ ይዞ ዙሪያውን ይቆማል። በዐደይ አበባ ያጌጠውና በጫፉ መስቀል የተተከለበት ደመራ መሐል ላይ ይታያል። ጸሎቱና ዝማሬው ተፈጽሞ ደመራው በሚለኮስበት ጊዜ ስፍር ቁጥር የሌለው ካሜራ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነሣል። በዚያች ቅጽበት ብዙው ካሜራ አንድ ዐይነት ችግር ይገጥመዋል። ቁልፉ ሲጫን ሌንሱ ወደ ፊት ይሄዳል፥ ወደ ኋላ ይመለሳል፥ እንደገና ወደ ፊት ይሄዳል፤ የሚፈልገውን ሳያገኝ ይቆማል። ባለቤቱ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል። ነበልባሉ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ጫፍ ደርሶ መስቀሉን ያቅፋል፥ ምሰሶው ያዘነብላል፥ ደመራው ይወድቃል። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ሥዕሎቹን ሲመለከት የሚያገኘው ጭጋግ የለበሰ ቢጫ ብርሃን ብቻ ይሆናል።

የዚህ ንግግር ርእሰ ነገር ይኸው ችግርና መፍትሔው ነው። ነገሩ ሲታይ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን አንድ መሣሪያ በራሱ የመወሰን ችሎታ ሲሰጠው ችሎታው በምን ላይ እንደ ቆመ፥ ያ መሠረት ሲጠፋም ኀላፊነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ በግልጽ የሚያሳይ ምሳሌ በመሆኑ ለመሐንዲሶች ጉባኤ የሚገባ ነው።

በመጀመሪያ ጉዳዩ ለምን ክብደት እንደሚሰጠው መናገር ያስፈልጋል። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ. ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በዓሉ በየዓመቱ ይመለሳል፤ የሚከበርበት ስፍራና የሚያከብረው ሰው ግን እንደ ነበረ አይመለስም። መስቀል አደባባይ ራሱ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል ነበር፤ ከ1983 ዓ. ም. በኋላ የቀድሞ ስሙ ተመልሶለታል፤ በ2013 ዓ. ም. ደግሞ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት መልኩ ተለውጧል። ዛሬ የቀድሞውን አደባባይ ማየት የሚፈልግ ሰው ያለው ምስክር ፎቶግራፍ ነው።

የካዛንቺስ ነገር ከዚህም ይብሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ስሙን ያገኘው ይህ ሰፈር በ2017 ዓ. ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ብዙው ክፍሉ ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ተዛውረዋል። የአዲስ አበባ ሰው ከመስቀል አደባባይ ሲመለስ በየሰፈሩ የራሱን ትንሽ ደመራ የመለኮስ ልማድ አለው። በጠባቡ የመንደር መንገድ ላይ ጎረቤት ከጎረቤት ተሰብስቦ ችቦውን የሚያበራበት ያ ምሽት፥ አሁን በሌለ አጥርና በሌለ በር ፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ሆኖ በአንዳንድ ቤት ይገኛል። አንድ የካዛንቺስ ልጅ እናቱ በደጃፋቸው ላይ ችቦ ይዘው ሳሉ ፎቶግራፍ አነሣቸው እንበል። ሥዕሉ ጠርቶ ከወጣ እናትየውም፥ ደጁም፥ ጎረቤቱም አሉ። ደብዝዞ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ዓመት እመለስበታለሁ አይባልም፤ የሚመለሱበት ደጅ የለምና። ስለዚህ የፎከስ ስሕተት የብርሃን ጉድለት ብቻ ሳይሆን የማይተካ ማስረጃ መጥፋት ሊሆን ይችላል።

ፎከስ ማለት ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። ከአንድ ነጥብ የሚነሣ ብርሃን በሌንሱ ውስጥ አልፎ እንደገና በአንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ፊልሙ ወይም ሴንሰሩ በትክክል በዚያ መሰብሰቢያ ላይ ካረፈ ነጥቡ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካለ ግን ነጥቡ ትንሽ ክብ ይሆናል። የብዙ ሺህ ነጥቦች ክብ ሲደራረብ ሥዕሉ ይደበዝዛል። የሩቅ ነገር ብርሃን ለሌንሱ ቀረብ ብሎ፥ የቅርብ ነገር ብርሃን ደግሞ ራቅ ብሎ ስለሚሰበሰብ፥ የሌንሱን ቀለበት ማዞር ማለት ሌንሱን ከሴንሰሩ ማራቅና ማቅረብ ማለት ነው።

የዚህ እንቅስቃሴ መጠን መሐንዲስን ሳይቀር ያስደንቃል። 50 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ እጅግ ሩቅ ወደ ሆነ ነገር ሲስተካከል ከሴንሰሩ ያለው ርቀት 50 ሚሊሜትር ነው እንበል። 30 ሜትር ወደሚርቅ ደመራ ለማስተካከል ከዚያ ላይ የሚጨመረው 0.08 ሚሊሜትር፥ ማለት የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ሦስት ሜትር ላይ ለቆመ ሰው ግን 0.85 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። እንግዲህ በጨለማ ውስጥ በዳሰሳ የሚዞር ቀለበት ምን ያህል በቀላሉ ሊያሳስት እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል።

የቀደሙት ባለሙያዎች ይህን ሁሉ በዐይናቸውና በእጃቸው ይሠሩት ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያገለገለው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና የዘመኑ ፎቶግራፍ አንሺዎች በባለ ሦስት እግሩ ትልቅ ካሜራ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው፥ በደብዛዛው መስታወት ላይ ተገልብጦ የሚታየውን ሥዕል እየተመለከቱ ያጠሩት ነበር። ሥዕሉ መበላሸት አለመበላሸቱ የሚታወቀው በኬሚካል ታጥቦ ሲወጣ ነው። በዚህ ምክንያት ርቀትን አስቀድሞ መገመትና መለካት የሙያው መጀመሪያ ትምህርት ነበር። በራሱ ፎከስ የሚያደርግ ካሜራ በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው እ. ኤ. አ. በ1977 በኮኒካ ኩባንያ ነው። እ. ኤ. አ. በ1985 ደግሞ ሚኖልታ ሌንሱ ለሚቀያየር ካሜራ ይህንኑ አሠራር አመቻችቶ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድ አብዛኛው የሌንሱን ቀለበት በእጁ ሳያዞር ያደገ ነው።

ታዲያ መሣሪያው በጨለማ ለምን ይሸነፋል? ካሜራው በራሱ ፎከስ የሚያደርግባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የጥቁርና የነጭን ልዩነት መመርመር ነው፤ ሌንሱን እያንቀሳቀሰ በብርሃንና በጥላ መካከል ያለው ድንበር እጅግ ስለታም የሚሆንበትን ስፍራ ይፈልጋል። ሁለተኛው በሌንሱ ግራና ቀኝ ጠርዝ የገቡትን ሁለት ሥዕሎች አነጻጽሮ በመካከላቸው ካለው መዛነፍ ርቀቱን ያሰላል። ሁለቱም ብርሃንና ጉልህ ድንበር ይፈልጋሉ። በጨለማ ውስጥ የቆመ ነጭ ነጠላ ለባሽ ከበስተ ኋላው ካለው ጥላ ካልተለየ የሚነጻጸር ነገር የለም። ነበልባል በበኩሉ ብርሃን ቢሆንም ቋሚ ድንበር የለውም፤ በየቅጽበቱ ቅርጹን ይለውጣል። ጢሱ በመካከል ሲገባ ካሜራው ጢሱን ይይዛል። ከፊት ያለ ሰው የያዘው ጧፍ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጉልህ ስለሆነ መሣሪያው በእርሱ ላይ ያርፋል፤ ከኋላው ያለው ደመራና ሕዝብ ይደበዝዛል። መሣሪያው በዚህ ጊዜ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ሠርቷል። ባለቤቱ ማንን ማንሣት እንደ ፈለገ ግን አያውቅም።

እርግጥ ነው፥ የዛሬዎቹ ካሜራዎች ከሠላሳ ዓመት በፊት ከነበሩት እጅግ የተሻሉ ናቸው፤ በጨረቃ ብርሃን ፎከስ የሚያደርጉም አሉ። አንዳንድ የእጅ ስልክ በማይታይ ጨረር ርቀት ይለካል፤ ይህ ግን የሚያገለግለው ለጥቂት ሜትር ነው። በካሜራው ላይ ያለችው ረዳት መብራትም ከጥቂት ሜትር አታልፍም፤ በጸሎት መካከል የሰው ዐይን ላይ መብራት ማብራትም ነውር ነው። ስለዚህ በእጅ ማስተካከልን ማወቅ ዛሬም አስፈላጊነቱ አልቀረም።

የመጀመሪያውና ዋናው ዘዴ ሥራውን ሳይመሽ መጨረስ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው በቀጥታ ስለሆነ ውጋገኑ ዕድሜ የለውም። በመስከረም አጋማሽ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ ያለ መብራት በግልጽ ለማየት የሚያስችል ብርሃን የሚቆየው ለሃያ ደቂቃ ያህል ነው። በአውሮፓ ከተሞች ፎቶግራፍ አንሺ የሚመካበት ረዥም ውጋገን እዚህ የለም። ስለዚህ ወደ አደባባዩ በጊዜ መሄድ፥ የሚቆሙበትን ስፍራ መምረጥና ርቀቱን በቀን ብርሃን መለካት ያስፈልጋል።

መለኪያው እግር ነው። አንድ ሰው የራሱን እርምጃ ልክ አስቀድሞ በሜትር መፈተሽ ይገባዋል፤ እርምጃው 75 ሳንቲሜትር የሆነ ሰው 40 እርምጃ ሲቆጥር 30 ሜትር ሄዷል። ለበዓሉ በታጠረው ክልል ውስጥ መራመድ ካልተቻለ ከአጥሩ ውጭ እኩል ርቀት ያለውን መስመር መለካት ይቻላል። የአደባባዩ ደረጃዎችም ራሳቸው የተዘረጋ ሜትር ናቸው፤ የአንዱን ደረጃ ስፋት የለካ ሰው ቀሪውን በመቁጠር ያገኘዋል። ብርሃን ሳለ ካሜራው በራሱ በደመራው ምሰሶ ላይ ፎከስ ያድርግ፤ ከዚያም በሌንሱ ጎን ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ከ«ኤ ኤፍ» ወደ «ኤም ኤፍ» ይዙር። ቀለበቱ እንዳይነቃነቅ በትንሽ ፕላስተር ይያዝ። ከዚህ በኋላ ጨለማው ቢወድቅም፥ ጢሱ ቢነሣም፥ ጧፍ የያዘ ሰው ከፊት ቢያልፍም ሌንሱ ከተቀመጠበት አይንቀሳቀስም። ይህ ሁሉ ሥራ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ነገር ግን የምሽቱን ሙሉ ሥራ ያድናል።

ሁለተኛው ዘዴ በስሌት መጠቀም ነው። ሌንስ በአንድ ርቀት ላይ ቢስተካከልም ከዚያ ፊትና ኋላ ያለው ጥቂት ቦታ ዐይን ልዩነቱን እስከማይለይ ድረስ ይጠራል። ዲያፍራሙ በጠበበ ቍጥር ይህ ክልል ይሰፋል፤ በሰፋ ቍጥር ይጠባል። ጨለማ ደግሞ ዲያፍራሙን ክፈተው ይላል። በዚህ ግጭት መካከል ሁነኛ መካከለኛ ቦታ የሚገኘው በስሌት ነው። በተለመደው የ36 በ24 ሚሊሜትር ሴንሰር ላይ 0.03 ሚሊሜትር የሆነ ክብ እንደ ነጥብ ይቆጠር ቢባል፥ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በዲያፍራም ቍጥር 2.8 ወደ 30 ሜትር ቢስተካከል ከ15 ሜትር ጀምሮ እስከ ከዋክብት ድረስ ያለው ሁሉ ይጠራል። ባለ 35 ሚሊሜትር ሌንስ በዚያው ቍጥር ወደ 14.6 ሜትር ቢስተካከል ከ7.3 ሜትር ጀምሮ፥ ባለ 24 ሚሊሜትር ደግሞ ወደ 7 ሜትር ገደማ ቢስተካከል ከ3.5 ሜትር ጀምሮ ያለው ይጠራል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የሕዝቡን ብዛትና ደመራውን በአንድነት ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ አጭር ሌንስ ይያዝ፤ አንድ ጊዜ ካስተካከለ በኋላ ስለ ፎከስ ማሰብ አይኖርበትም። ሆኖም ይህ ስሌት ድንበሩን የሚያሳይ ስለሆነ በድንበሩ ላይ ያለ ነገር የሚጠራው በመጠኑ ነው። ሥዕሉ ተልቆ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ዋናው ነገር ባለበት ርቀት ላይ ማስተካከል ይሻላል።

ሦስተኛው ዘዴ ዘግይቶ ለመጣ ሰው ነው። ከመሸ በኋላ የደረሰ ሰው መለካት ባይችልም በሩቅ ያለ መብራት አያጣም። በአደባባዩ ዙሪያ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ላይ ያለ መብራት ይመረጥ። በካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን ሥዕሉን ዐሥር እጥፍ ያህል አጉልቶ መብራቱን እየተመለከቱ ቀለበቱን ቀስ ብሎ ማዞር ነው። መብራቱ መጀመሪያ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ይታያል፤ ቀለበቱ ሲዞር ክቡ ያንሳል፥ ነጥብ ይሆናል፥ ከዚያ እንደገና ይሰፋል። እጅግ ያነሰበትን ቦታ ለማግኘት አንድ ጊዜ አልፎ መሄድና መመለስ ይገባል፤ ሳያልፉት ትንሹ የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም። ይህ ለሩቅ ነገር ነው። ቀረብ ላለ ነገር ደግሞ በዚያው ርቀት ላይ ያለ ጧፍ ወይም በወዳጅ እጅ የተያዘ የስልክ መብራት ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መጠቀስ አለበት። ብዙ ሰው የተኛ 8 ቍጥር በመሰለው ምልክት ላይ ቀለበቱን እስኪቆም ድረስ ማዞር ለሩቅ ነገር ይበቃል ብሎ ያምናል። ይህ ለብዙዎቹ የቀድሞ ሌንሶች እውነት ነበር፤ ማቆሚያቸው በትክክል እዚያ ላይ ተሠርቷል። በራሳቸው ፎከስ የሚያደርጉት ሌንሶች ግን ከምልክቱ አልፈው እንዲዞሩ ሆነው የተሠሩ ብዙ ናቸው። ብረትና መስታወት በሙቀትና በብርድ መጠናቸው ስለሚለወጥ፥ ሞተሩም ትክክለኛውን ቦታ አልፎ መመለስ ስላለበት ፋብሪካው ትርፍ ቦታ ይተዋል። እንዲህ ባለው ሌንስ እስከ መጨረሻው ያዞረ ሰው የሩቁን ነገር አልፎ ሄዷል፤ ሥዕሉም ሁሉ ይደበዝዛል።

አራተኛው ጉዳይ የቅርብ ፊት ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው። ከላይ የተባለው የካዛንቺስ ልጅ እናቱን በሦስት ሜትር ርቀት፥ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፥ በዲያፍራም ቍጥር 1.8 ቢያነሣቸው የሚጠራው ክልል ከ2.82 እስከ 3.20 ሜትር ድረስ ያለው ብቻ ነው፤ በጠቅላላው ከ40 ሳንቲሜትር አይሞላም። እናትየው ችቦውን ለመለኮስ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቢሉ ከክልሉ ወጥተዋል። እዚህ ላይ ቀለበቱን እያዞሩ መከተል አያዋጣም። ይልቁን ቀለበቱን በሦስት ሜትር ላይ አስቀምጦ የራስን አካል ማንቀሳቀስ ይቀላል። ፎቶግራፍ አንሺው ዝቅ ካለው ችቦ ብርሃን በሰውየው ዐይን ውስጥ የምትታየውን ጭላንጭል በስክሪኑ ይመልከት፤ ጭላንጭሏ ነጥብ እስክትሆን ድረስ በወገቡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዘንበል፤ ነጥብ ስትሆን ቁልፉን ይጫን። በሚዘነብልበትም ጊዜ ሦስት አራት ሥዕል ተከታትሎ ቢያነሣ አንዱ በትክክለኛው ርቀት ላይ ያርፋል። ዘዴው የዋህ ይመስላል፤ ሆኖም የእጅ ጣት በጨለማ ከሚያዞረው ቀለበት ይልቅ የሰው ወገብ ጥቂት ሳንቲሜትር በልክ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

የሚንቀሳቀስ ነገር ሌላ ትምህርት ይሰጣል። መስቀል አደባባይ የሚጨልመው በደመራ ምሽት ብቻ አይደለም። ጎሕ ሳይቀድ በደረጃዎቹ ላይ የሚሮጡትን ስፖርተኞች የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። በዚያ ሰዓት ወደ እርሱ የሚመጣን ሯጭ በሌንስ ለመከተል የሚሞክር ሰው ይዘገያል። ብልሃቱ ሯጩ የሚደርስበትን ስፍራ እንጂ ሯጩን አለመከተል ነው። የደረጃው ጠርዝ ወይም የመብራት ምሰሶ ሥር ተመርጦ በእርሱ ላይ ፎከስ ይደረግ፤ ሯጩ እዚያ ሲደርስ ቁልፉ ይጫን። ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በዲያፍራም ቍጥር 2.8 ወደ 8 ሜትር ቢስተካከል የሚጠራው ከ6.3 እስከ 10.9 ሜትር ያለው ነው። በሰከንድ አራት ሜትር የሚሮጥ ሰው ይህን ክልል ለማለፍ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ ይህም ለተዘጋጀ ሰው በቂ ጊዜ ነው። ደመራው ሲወድቅም ነገሩ እንዲሁ ነው። ሕዝቡ የምሰሶውን አወዳደቅ አቅጣጫ በትኩረት ይከታተላል፤ ፎቶግራፍ አንሺውም ምሰሶው ወደ እርሱ ወይም ከእርሱ ወዲያ ሊወድቅ እንደሚችል አስቦ ፎከሱን በሥሩ ላይ አጽንቶ ዲያፍራሙን አንድ ደረጃ ቢያጠብብ ከአደጋ ይድናል። እሳቱ በዚያን ጊዜ ብርሃኑ ስለሚበረታ ይህን ማድረግ ይቻላል።

ከመሣሪያው ሌላ የሰውየው ዐይንም ሊታሰብበት ይገባል። ዐይን ጨለማን በሚገባ እስኪለምድ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ደማቅ ስክሪን ወይም የመኪና መብራት ከተመለከተ የለመደውን ያጣል። ስለሆነም የካሜራው ስክሪን ብርሃን አስቀድሞ ዝቅ መደረግ አለበት። በመመልከቻው መስኮት አጠገብ ለዐይን ማስተካከያ የተሠራች ትንሽ ማዞሪያ አለች። ይህች ማዞሪያ ከቦታዋ ከተዛወረች ሥዕሉ በትክክል የተስተካከለ ቢሆንም ለተመልካቹ የደበዘዘ መስሎ ይታየዋል፤ እርሱም የተስተካከለውን ሊያበላሽ ይነሣል። በቀን ብርሃን በመስኮቱ ውስጥ የሚታዩት ቍጥሮችና መስመሮች እስኪጠሩ ድረስ ማዞሪያዋን ማስተካከል ይህን ስሕተት ያስቀራል። መነጽር የሚያደርግ ሰው ከማስተካከሉ በፊት መነጽሩን አድርጎ ወይስ አውልቆ እንደሚያነሣ ይወስን።

በመጨረሻም ጥፋቱን መለየት ይገባል፤ በሽታው ሳይታወቅ መድኀኒት አይሰጥምና። የደበዘዘ ሥዕል ሁሉ የፎከስ ጥፋት የለበትም። በሥዕሉ ውስጥ ያሉትን ጧፎች መመርመር ነው። የጧፉ ብርሃን ክብ ሆኖ ከተስፋፋ ፎከሱ ስቷል። ብርሃኑ እንደ ክር ተጎትቶ ሁሉም ጧፎች አንድ ዐይነት መስመር ከሠሩ ካሜራው ተነቃንቋል፤ መድኀኒቱ ክርንን ከአካል ጋር ማጣበቅ፥ ግድግዳ መደገፍ ወይም መዝጊያውን ማፍጠን ነው። አንዱ ጧፍ ብቻ ተጎትቶ ሌሎቹ ነጥብ ከሆኑ የተንቀሳቀሰው ያ ሰው ነው። ሁሉም ነጥብ ሆነው ሥዕሉ ግን አሸዋ የተረጨበት ከመሰለ ችግሩ የአይ ኤስ ኦ ቍጥር መብዛት ነው፤ ይህ ከጥፋቶች ሁሉ የሚቀለው ነው። አሸዋማ ሥዕል ይታያል፥ ይነገርበታልም። ፎከስ የሳተን ሥዕል ግን እንደ ነበረ የሚመልሰው መሣሪያ የለም፤ ዛሬ ኮምፒዩተር አጠራዋለሁ ቢል የሚጨምረው ከግምቱ እንጂ ከእናትየው ፊት የወሰደውን አይደለም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቀለል ወደ አንድ ነገር ይመለሳል። በራሱ የሚሠራ መሣሪያ የሚወስነው በሚደርሰው መረጃ ልክ ነው። መረጃው ሲቋረጥ መወሰኑን አይተውም፤ ያልሆነውን ይይዛል፥ ወይም ሲዋልል ጊዜው ያልፋል። በዚያን ጊዜ የሚያድነው አስቀድሞ የተለካና የተጻፈ ቍጥር፥ ይህን ቍጥር በእጁ ማዋል የሚያውቅም ሰው ነው። ግድብም ሆነ የኤሌክትሪክ ማሠራጫ፥ ድልድይም ሆነ ሊፍት የሚሠራ መሐንዲስ ይህን ከሥራው ያውቀዋል። በራሱ የሚዘጋው በር በእጅም የሚዘጋበት መንገድ ሊኖረው ይገባል፤ የሚዘጋው ሰውም መዘጊያው የት እንዳለ የሚማረው በአደጋው ሰዓት ሳይሆን በሰላሙ ቀን ነው።

ካዛንቺስ ከሚገኝ ደጃፍ ላይ ችቦ ይዘው የቆሙት እናት ፊታቸው በሥዕሉ ጠርቶ ወጥቶ ከሆነ ያ የሆነው ካሜራው ጎበዝ ስለ ነበረ አይደለም። ልጃቸው ከሰዓት በኋላ፥ ፀሐይ ሳለች፥ ከአጥሩ ጥግ እስከ ደጁ አራት እርምጃ ቆጥሮ ቀለበቱን በሦስት ሜትር ላይ ስላሰረው ነው። ደጁ ዛሬ የለም፤ አራቱ እርምጃ ግን በሥዕሉ ውስጥ አለ። በሚመጣው መስከረም 16 ቀን ወደ መስቀል አደባባይ ካሜራ ይዞ የሚወርድ ሁሉ ደመራው ሳይለኮስ፥ ብርሃን ሳለ፥ እርምጃውን ይቍጠር።